«የለም» የማይባልበት ትምህርት

ባለፈው ቅዳሜ ወጣቱ መምህራችን፣ ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን መስተንግዶ ለማወቅ ሲፈልጉ ገዢ መስሎ የሚገባ ሰው ቀጥረው ይልካሉ ብሎ አስተማረን። ሰውየው ይገባል፣ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ ገዝቶ ወይም ሳይገዛ ይወጣል፤ ሻጯ ግን ማን እንደነበረ አታውቅም። ልጆቹ ሳቁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስልኳን ከዴስኩ ሥር እየነካካች «ማዘር፣ እርስዎ ሱቅ ቢመጣ ምን ይውጥዎታል?» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ልጆቼን ድሬ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ በዚህ ዕድሜዬ የገበያ ሥራ አመራር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ መምህሩ የሚለውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ፤ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የቤት ሥራዬንም ከሁሉ ቀድሜ አስረክባለሁ። ያን ቀን ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን ትምህርት እኔ ተምሬዋለሁ። የተማርኩትም እዚሁ አቃቂ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው።

ከክፍል ወጥቼ ቃሊቲ ባቡሩ ወደሚያልቅበት ስሄድ፣ ተሳቢዎቹ አቧራ እያለበሱኝ፣ ስለ አንድ ሰው ሳስብ ቆየሁ። መንገድ ዳር ካለ ሱፐርማርኬት ውሃ ልገዛ ገባሁ። በር ላይ የቆመችው ልጅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንኳን በደህና መጡ» አለችኝ። ገንዘብ ተቀባይዋም ፈገግ አለችልኝ። በአንድ ሱቅ ሁለት ሴቶች ፈገግ ስላሉልኝ ደረሰኙን ደግሜ አነበብኩት። ስህተት አልነበረውም። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ካሜራ አየሁና፣ ለካ ፈገግታው ለእሱ ነው ብዬ ተረጋግቼ ወጣሁ። ልጆቼ «እማዬ ሰው አታምንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እነሱ ግን የንግድ ክፍል አልተማሩም።

ያኔ በእኛ ትምህርት ቤት ተማሪው በየሙያው ይከፈል ነበር። ግብርና የደረሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ሆም ኢኮኖሚክስ የገቡት ልጃገረዶች ኬክ ሲጋግሩ ሽታው ግቢውን ያስርበዋል፤ እኛ የንግድ ክፍሎች ደግሞ በታይፕ እንንጫጫለን። የታይፑ ክፍል መስኮት በሐዲዱ በኩል ስለነበረ የድሬዳዋው ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥና ሁላችንም አንድ ዓይነት ስህተት እንመታለን። ወንዶቹ አፍሮ አበጥረው፣ እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው ነው የሚመጡት፤ እኔ አንዲት ሸራ ጫማ ነበረችኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቤ በጠመኔ አነጣታለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ፓስቲ የሚጠብሱ ሴት ነበሩ፤ አንዱ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዘይቱ በጋዜጣው ላይ ፊደሉን አሳልፎ እስኪያሳይ ድረስ ይርስ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ስለ ከዳች ፍቅረኛ የሚያለቅስ አንድ ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ ያስደምጠናል። የሌሎቹ ክፍሎች ልጆች እኛን ሲያዩ «ንግዶች መጡ፣ ኪሳችሁን ያዙ» ይሉ ነበር። ቀልድ ብቻ አልነበረም። ያኔ «ነጋዴ» የሚለው ቃል ብቻውን አይነገርም፤ ከፊቱ አንድ የስድብ ቃል ይለጠፍበታል። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው አባቴ እንኳ ሰው «ልጅህ ምን ትማራለች?» ሲለው «ታይፕ» ብሎ ያልፍ ነበር።

የሽያጭና የመስተንግዶ ትምህርት የሚያስተምረን መምህር ደምሴ ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እንለው ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከልጆቼ ሁሉ የሚያንስ ጎረምሳ ነበርና «እሱ» ብዬ ብጽፍ ቅር አይሰኝም። በዓመቱ አጋማሽ ነው የመጣው። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ አንዱ ከሐረር ነው ይላል፣ አንዱ ከባሕር ማዶ። ግራጫ ሳፋሪ ይለብሳል። ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር መነጽር ነበረው፤ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ይታያል፣ ሜዳ ላይ አይታይም። ይህ ብቻውን በአቃቂ ለመጠርጠር በቂ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማረን አንድ ቃል እንዳንናገር ነው። ያ ቃል «የለም» ነው። ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ሳሙና አለ? የለም። ላምባ? የለም። ባትሪ ድንጋይስ? እሱማ ከጠፋ ቆየ። የሱቅ ሁሉ ሰላምታ «የለም» በሆነበት ጊዜ መምህር ደምሴ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቃሉን ጻፈና በጠመኔ ሰረዘው። «ከእንግዲህ ከእናንተ አፍ ይህን አልሰማም። ደንበኛው የፈለገው ከሌለ ያለውን ታቀርባላችሁ» አለ።

ጓደኛዬ ሙሉ ከኋላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዳቦ ለሚለን ክብሪት እንስጠው?»

«በትሕትና ከሆነ፣ አዎ።»

ሳቅን። ሳቃችንን ያቆመው ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ነው። ለአንድ ወር ያህል ከሰዓት ከሰዓት በየሱቁ እንመደባለን። እንቀመጣለን፣ እናያለን፤ ሰኞ ሰኞ ያየነውን በቃል እንነግረዋለን። እሱም በመሃል ደንበኛ መስሎ የሚገባ ሰው ይልክብናል፤ ማን እንደሆነ አናውቅም። ወሩ ሲያልቅ ራሱ መጥቶ ባለሱቁን አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፦ ሱቅህን ለዚች ልጅ ጥለህላት ትሄዳለህ? «ፋብሪካው በሩ ላይ የጨርቅ መሸጫ ሊከፍት ነው። ከክፍላችን አንድ ተማሪ ይወስዳሉ። ባለሱቁ አዎ ካለላችሁ መካከል እመርጣለሁ» አለ።  አይቶ መንገር ያኔ የሌላ ሥራ ስም ነበር። ሰው መስሎ መግባትም እንደዚያው።

እኔ ግን መሸጫው ልቤ ውስጥ ገባ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካውን ጥጥ ሲተነፍስ ኖሮ ሳሉ አላስተኛ ብሎት ነበር። ሐኪም ሥራ ተው ብሎታል፤ እሱ ደግሞ አንድ ሰው እቤት ደመወዝ ይዞ እስኪገባ አልተውም ብሏል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በታች ያሉት ገና ሕፃናት ናቸው። ምደባዬን ስነግረው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ማን ዘንድ ነው የመደቡሽ?»

«በሰቃ ሰፈር፣ ጋሽ ይማም ሱቅ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ቁጭ ብዬ ላይ ነው።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደሚሸጡ።»

«ካየሽ በኋላስ?»

«ሰኞ ለቲቸር እነግራለሁ።»

ሳሉ ያዘውና እስኪለቀው ጠበቅሁ። «አስቱ፣ ይሄ ሰውዬ ደመወዙን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው የሚቀበለው?» አለኝ። ጫማውን አውልቆ ጥግ አስቀመጠ። «በይ ሂጂ። እዪ። ስታወሪ ግን ስለ አየሩ አውሪ።»

ጋሽ ይማም ከወሎ በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው መጥተው አቃቂ የቀሩ ሰው ነበሩ። ነጭ ኮፍያ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ ሲያስቡ የሚያሻሹት አጭር ጢም። ሱቃቸው ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው፤ በስተግራ ብረት በያጅ፣ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ። ባንኮኒው ላይ አሮጌ ሚዛን፤ ከኋላቸው ሻማ፣ ክብሪት፣ የሻይ ቅጠል፣ ጨው በኬሻ፣ በብልቃጥ ያለ ባለቀለም ከረሜላ፣ ሁለቱ በአምስት ሳንቲም። አሁን ቦታው ላይ መስተዋት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ነው። ገንዘብ ልልክ በገባሁ ቁጥር ልጁ «ለአገልግሎታችን ከአምስት ስንት ይሰጡናል?» ይለኛል። አምስት እሰጠዋለሁ። ለማን እንደሚነግር ስለማላውቅ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ይማም ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ማን ላከሽ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤት ሰው አይልክም። ሰው ነው ሰው የሚልክ።»

ዱካ አወጡልኝ። ጀርባዬን ለዕቃው፣ ፊቴን ለመንገዱ አድርገው አስቀመጡኝ። «ሽያጭ ልትማሪ ከሆነ የመጣሽ፣ ገዢ የሚመጣው ከወዲያ ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር አዘዙኝ፤ ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ስኳር ብሎ ከጠየቀኝ «የለም» እንድል። ስኳር ያኔ በቀበሌ ካርድ ብቻ ነው የሚታደለው፤ በግል ሱቅ የተገኘበት ሰው ሱቁ ይታሸጋል፣ እሱም አብሮ ይታሸጋል። እኔም «እሺ» አልኩ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቃል አዘዙኝ፤ አንዱ አትበዪ አለኝ፣ አንዱ በዪ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ስኳር እንዳላቸው አወቅሁ። ማንም አልነገረኝም። ከጨው ኬሻው ሥር ጥቃቅን ጉንዳኖች ተሰልፈው ሲወጡ አየሁ። ጉንዳን ለጨው አይሰለፍም። እኔ ካየሁት ማንም ሊያየው ይችላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደደረስኩ እርጥብ ጨርቅ ይዤ የኬሻውን ዙሪያ መጥረግ ልማዴ ሆነ። ጋሽ ይማም ጢማቸውን እያሻሹ ያዩኛል።

«ምንድን ነው ሁልጊዜ እዚያ የምትጠርጊው?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራው እዚያ ብቻ ነው የሚያርፈው?»

«ዛሬ እዚያ ነው።»

ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ጉንዳኑን እንዳየሁ ማወቃቸውን አወቅሁ። ማወቄን ማወቃቸውን ግን እንዳወቅሁ ማሳየት አልፈለግሁም። ሰኞ ለመምህር ደምሴ ስለ ሻማ ገዢዎች ነገርኩት፤ መብራት በጠፋ ማግስት እንደሚበዙ። «ጥሩ ነው። ሌላስ?» አለኝ። «ዝናብ ነበር» አልኩ። በመስኮቱ ፀሐይ ገብቶ መነጽሩ እየጠቆረ ነበር።

ጓደኛዬ ሙሉ ቃሊቲ፣ ፊት ለፊቱ መኪና ማቆሚያ የሆነ ሻይ ቤት ነበር የተመደበችው። ከትምህርት ቤት አብረን ስንወጣ «የገባውን ሁሉ የቲቸር ሰው ነው ብዬ ነው የማስተናግደው» ትለኝ ነበር። «ትናንት አጎቴ መጣ። ምን ልታዘዝ ጌታዬ አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ሄዶ ለእናቴ ልጅሽ አሟታል አላት።» እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የእሷ ሻይ ቤት ቢበዛ ሻይ ነው የሚደበቅበት።

ጋሽ ይማም ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ እኔን ከነዱካዬ ደጅ አውጥተው ሱቁን ቆልፈው ነበር የሚሄዱት። መንገደኛው ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ተዘጋብሽ?» እያለ ያልፋል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ዓርብ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ቆዪ ዛሬ፣ ጠብቂ» ብለውኝ ሱቁን ክፍት ትተው ወጡ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ ብዬ ተነስቼ ባንኮኒው ውስጥ ገባሁና ቆምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ጫማው ሲሚንቶ የነካው ሰው ገባ። የአካባቢው ሰው አይደለም። ወደ ኋላው ገላምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ስኳር አይገኝም?» አለ።

 የመምህር ደምሴ ሰው ከሆነ «የለም» ካልኩ ፋብሪካው ቀረብኝ። የእነዚያ የሌሎቹ፣ የቀበሌዎቹ ሰው ከሆነ «አለ» ካልኩ ጋሽ ይማም ጠፉ። የጋሽ ይማም ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ሱቁን ጥለው የሄዱት ለዚህ ይሆናል። ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

«ለሻይ ነው?» አልኩት።

«እንደዚያ በይው።»

«ከረሜላ አለልዎት። አንዷን አፍ ላይ አድርገው ሻዩን ከላይ ይጠጣሉ። ቀዩ ይሻላል፣ ቶሎ አያልቅም።»

«ከረሜላ» አለና አየኝ። «ሌላ ነገር የላችሁም?»

«ሻማም አለ። ክብሪትም አለ። የሻይ ቅጠሉም አዲስ ነው የገባው።»

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቀያዩን አስቆጥሮ በወረቀት አስጠቅልሎ ወጣ። አልተቆጣም፤ አልሳቀም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ጋሽ ይማም ወዲያው ተመለሱ፤ ለጁምዓ በጣም ቶሎ ነበር። «ማን መጣ?»

«አንድ ሰውዬ።»

«ምን አለሽ?»

«ስኳር።»

«የለም አልሽው?»

«አላልኩም።»

ጢማቸው ላይ የነበረው እጅ ቆመ። «አለ አልሽው?»

«እሱንም አላልኩም። ከረሜላ አለ ነው ያልኩት።»

ብልቃጡን አንስተው በብርሃን አዩት፤ ቀዩ ጎድሏል። «ከረሜላ» አሉ እሳቸውም፣ ልክ እንደ ሰውየው አድርገው። ከዚያ ብልቃጡን ቦታው መልሰው ሻማ መቁጠር ጀመሩ።

መምህር ደምሴ ለመጨረሻው ጥያቄ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መነጽሩ ጠቁሮ ገባና ጥላ ውስጥ ሲቆም ዓይኑ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ጋሽ ይማም ወንበር አልሰጡትም። እኔ ከኬሻው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ጨርቁ እጄ ላይ ነው። አባዬ የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ ገበታው ላይ ሳል ጥሎት በሰው ተደግፎ ቤት መጥቶ ነበር። አንዲት «አዎ» ትበቃኝ ነበር።

«ሱቅዎን ጥለውላት ይሄዳሉ?»

ጋሽ ይማም አሰቡ። «ጥዬላት አልሄድም» አሉ። «ለማንም ጥዬ አልሄድም፤ ለልጄም። አብሬያት ግን እቀመጣለሁ።»

«እሱ ለእኔ መልስ አይሆነኝም፣ ጋሼ። አዎ ወይም አይ ነው የምፈልገው። ሌሎቹንም እንደዚያ ነው የጠየቅሁት። ባለፈው ዓርብ እኮ ትተዋት ሄደው ነበር፤ ሰኞ ነግራኛለች።»

«አልሄድኩም። ከሰፊው ቤት ሆኜ ሳያት ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጁምዓዬ አለፈኝ።» ወደ እኔ አላዩም። «እንግዲህ አይ ነው።»

ጨርቁን አጥፌ ዘረጋሁት፣ አጥፌ ዘረጋሁት። የፋብሪካው ቦታ ለጓደኛዬ ለሙሉ እንደሆነ እዚያው ቆሜ አወቅሁ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ገና ሳይጠየቁ ነው አዎ ያሉላት። መምህር ደምሴ ሊወጣ ሲል ጋሽ ይማም አስቆሙት። «እኔም ልጠይቅህ። የዓርቡ ሰው፣ ባለቱታው፣ ያንተ ነው?»

«የምን ሰው?»

«የላክኸው።»

መምህር ደምሴ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ልጅ ነበር። «እኔ ማንንም አልላክሁም። ማንም ተማሪ ላይ አልላክሁም። ይመጣል ማለቱ ብቻ ይበቃል፣ ሁሉም በየሱቁ ይጠነቀቃል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ «የእኔ ሰው መስሏችሁ ነበር?» አለ። ጋሽ ይማም እኔን አዩ፤ እኔ እሳቸውን አየሁ። መምህሩ ሁለታችንንም አየና መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወጣ። ፈርቶ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ የእኛ ወጣት መምህር ያንኑ ትምህርት በስክሪን ላይ በቀለም አሳምሮ ሲያሳየን፣ እጄን አውጥቼ ‹ማንንም ሳይልኩስ?› ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ትምህርቱን እንዳላደናቅፍበት ብዬ ተውኩት።

መምህር ደምሴ እንደወጣ ቀሪው ጥያቄ ለሁለታችን ቀረ። የማንም ካልሆነ፣ ሰውየው የእነዚያ ነው ማለት ነው። እኔ መሰናበቴ ነው ብዬ ደብተሬን አነሳሁ። «ወዴት?» አሉኝ ጋሽ ይማም። «ልምምዱ አልቋል።» «ነገ ብትቀሪ አንድ ነገር የሰማሽ ይመስላል። የሚያይ ሰው ካለ እንዳለሽ ይይሽ። ነይ። ደመወዝ እሰጥሻለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።» ሥራ የገባሁት እንደዚህ ነው። ወደዱኝ እንዳልል፣ አልወደዱኝም፤ መቅረቴን ፈሩ። ደመወዙ ፋብሪካው ለሙሉ ከሚከፍላት ያንስ ነበር፤ አባዬ ግን በቃ ብሎ ቱታውን ሰቀለ። የት እንደተቀጠርኩ ሲጠይቁት «ታይፕ ነው» ይላል።

በማግስቱ ስደርስ በጨው ኬሻው ዙሪያ አንድም ጉንዳን የለም። ደስ ብሎኝ ቀና ስል የሳሙና ካርቶኖቹ ላይ ተሰልፈው አየኋቸው። ጨርቄን አንስቼ ወደዚያ ሄድኩ። ጋሽ ይማም አሁን ምን እንደምጠርግ አልጠየቁኝም። በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሁለታችንም እናቆማለን፤ እሳቸው ሚዛኑን፣ እኔ ጨርቁን። ሰው «ምን ሆናችሁ?» ሲለን «ምንም» እንላለን፣ እኩል።

ሰውየው የተመለሰው ሌላ ዓርብ ነው። ያው ቱታ፣ ያው ሲሚንቶ። ጋሽ ይማም ለጁምዓ ሊወጡ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ ሲያዩት እጃቸው ኮፍያው ላይ ቀረ። ሰውየው ግን ወደ እኔ ነው የመጣው።

«እህቴ፣ ያቺ ቀይ ከረሜላ አለች?»

«አለች።»

«በሙቅ ውኃ አሟሟናት፤ ለባለቤቴ ነው። አራስ ናት። አጥሚቱ ቀይ ሆነ፤ አማቴ ይሄ ምን ጉድ ነው ብለው አማተቡ። ግን ጠጣችው።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ከናዝሬት ለሥራ መጥተን ገና ቀበሌው ካርድ አልሰጠንም። ካርድ ከሌለህ ስኳር አይሰጡህም፤ ስኳር ስትጠይቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ይስቅብሃል፣ እንደ ሌባም ያይሃል። አንቺ ብቻ ነሽ ያልሳቅሽብኝ።»

ያልሳቅሁት ፈርቼ ነው። ግን ይህን አልነገርኩትም። ብልቃጡን ሳነሳ ጋሽ ይማም ክንዴን ያዙኝ። ወደ ኋላ ሳብ አደረጉኝና በሹክሹክታ «ምን ትያለሽ?» አሉ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከተቀመጥኩበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ምን ትያለሽ ብለውኝ አያውቁም። ለልጃቸውም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰውየውን እንደገና አየሁት። ጥፍሮቹን፣ ቱታው ጉልበቱ ላይ የተጣፈበትን፣ ወደ በሩ እየገላመጠ የሚቆምበትን አየሁ። የሚገላምጠው እኛ መኪና በቆመ ቁጥር ፈርተን እንደምንገላምጠው ነበር።

«ደንበኛ ነው፣ ጋሽ ይማም» አልኩ።

ጋሽ ይማም ከሳሙናው ካርቶን ሥር ጎንበስ አሉ። ስኳሩን በወረቀት ጠቅልለው፣ ከላይ ሁለት ፍሬ ሳሙና አድርገው፣ ዘንቢሉ ውስጥ ራሳቸው አስገቡለት። ሰውየው ክብደቱን ሲያውቀው አፉን ከፈተ። «ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ምን ይደረግ» አሉት። «ለአራሷ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።» ሙስሊም ሆነው ይህን ማለታቸው አልገረመኝም፤ በአቃቂ እንደዚያው ነበር። የገረመኝ ሰውየው ከወጣ በኋላ እሳቸውም ተከትለው መውጣታቸው ነው። ቆሜ አየኋቸው፤ ሰፊውን ቤት አለፉ፣ ብረት በያጁን አለፉ፣ ወደ መስጊዱ በሚወስደው መታጠፊያ ዞረው ጠፉ።

ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ ገብተው ክብሪት ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ብር አወጡ። መልስ ልሰጣቸው መሳቢያውን ስስብ አልከፈት አለኝ። ጋሽ ይማም ቆልፈው ቁልፉን ይዘውት ሄደዋል። ሴትዮዋ መሳቢያውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው «ጥሎልሽ ነው የሄደው፣ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁና ባንኮኒው ላይ ተደገፉ፤ እኔም በወዲህ በኩል ተደገፍኩ፤ ጁምዓ እስኪወጣ አብረን ጠበቅናቸው።